ከቁጥሩ በስተኋላ ሕፃን አለ
ስለ ተማሪ ፕሮግራም ጸሐፊዎችና ስለ ሕፃናት ትምህርት ምርምር

በዘመናችን ስለ ሕፃናት ትምህርት የሚነገረው አብዛኛው ነገር በቁጥር የሚነገር ሆኗል። ከመቶ ሕፃናት ይህን ያህሉ ማንበብ አይችሉም፤ ይህን ያህሉ ትምህርታቸውን ሳይፈጽሙ ያቋርጣሉ፤ በዚህኛው ወረዳ ያሉት በዚያኛው ካሉት ይበልጣሉ ወይም ያንሳሉ እየተባለ በስብሰባ ይነበባል፤ በጋዜጣ ይወጣል፤ በጀትም ይመደብበታል። ይህን ቁጥር ያወጣው ማን ነው ተብሎ ቢጠየቅ የሚሰጠው መልስ «ዩኒቨርሲቲ አጥንቶት ነው» የሚል ነው። መልሱ እውነት ነው፤ ነገር ግን ሙሉ አይደለም።

ፕሮፌሰሩ የምርምሩን ጥያቄ ያወጣሉ። መጠይቁን የያዘው ሠራተኛ ከመንደር ወደ መንደር እየተዘዋወረ መልሱን ይሰበስባል። በሁለቱ መካከል ግን የተሰበሰበውን መልስ ኮምፒዩተር በሚያውቀው ቋንቋ አሰናድቶ፣ አጣርቶ፣ ደምሮና አካፍሎ ቁጥሩን የሚያስወጣ ሌላ ሰው አለ። ይህ ሰው በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ዘንድ ደመወዙ ትልቅ፣ ቢሮው ሰፊ የሆነ መሐንዲስ አይደለም። ቀን ትምህርቱን ተምሮ በትርፍ ጊዜው በሳምንት ጥቂት ሰዓት የሚሠራ ተማሪ ነው።

ዛሬ ስለዚህ ተማሪ ሥራ ጥቂት ልንናገር አስበናል። ምክንያታችንም ሁለት ነው። ከአንባቢዎቻችን መካከል ተማሪ የሆኑት፣ በአገር ውስጥም ሆነ በውጭ አገር ሲማሩ፣ ነገ ይህን የመሰለ ሥራ ሊያገኙ ይችላሉ። በመንግሥት ሥራ ላይ ያሉት ወጣቶች ደግሞ ከዚህ ሥራ በተገኘው ቁጥር ላይ ተመሥርተው ይፈርማሉ። ስለዚህ ሠሪውም ፈራሚውም ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ ቢያውቁ ይጠቅማቸዋል እንጂ አይጎዳቸውም። በዚህ ጽሑፍ የተመለከቱት ዓመታት፣ የኢትዮጵያ መሆናቸው ካልተገለጸ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይሏል።

የሥራው አጀማመር

ኮምፒዩተርን ለትምህርት ለማዋል ከተደረጉት የመጀመሪያ ሙከራዎች አንዱ የተጀመረው በ1960 በአሜሪካ በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ነው። ፕሮፌሰር ዶናልድ ቢትዘርና ባልደረቦቻቸው ኢሊያክ በተባለው የዩኒቨርሲቲው ኮምፒዩተር ላይ ፕላቶ የሚል ስም ያለው የማስተማሪያ ዘዴ ዘረጉ። በዚያ ጊዜ ለዚህ ዓይነት ሥራ የሠለጠነ ሰው እንደ ልብ አይገኝም ነበር። ስለዚህም ፕሮፌሰሮቹ ወደ ተማሪዎቻቸው ዞሩ። በ1967 ፖል ቴንዛር የተባሉ የሥነ ሕይወት ተማሪ፣ መምህራን ያለ ብዙ ድካም ትምህርታቸውን በኮምፒዩተር ላይ ሊያሰናዱ የሚችሉበትን ቱቶር የተባለ ቋንቋ ፈጠሩ። በ1973 ደግሞ ዴቪድ ዉሊ የተባለ የ17 ዓመት ተማሪ በዚያው ድርጅት ሲሠራ፣ ተጠቃሚዎች ያገኙትን ችግር ጽፈው መልስ የሚቀበሉበትን የመልእክት መለዋወጫ ፕሮግራም ጻፈ። ዛሬ ሰው ሁሉ በየስልኩ ከሚጠቀምባቸው የመወያያ መድረኮች ቀደምት ከሆኑት አንዱ ይኸው የተማሪ ሥራ ነው።

በማሳቹሴትስም እንዲሁ ሆነ። በ1967 ሲሞር ፓፐርት፣ ዋሊ ፎይርዛይግና ሲንቲያ ሰለመን ከሌሎች ባልደረቦቻቸው ጋር ሎጎ የተባለውን የሕፃናት ፕሮግራም ቋንቋ አወጡ። ፓፐርት በደቡብ አፍሪካ የተወለዱ የሒሳብ ሊቅ ሲሆኑ፣ ወደ አሜሪካ ከመሻገራቸው በፊት በጄኔቫ ከታወቁት የሕፃናት አእምሮ ተመራማሪ ከዣን ፒያዤ ጋር ሠርተዋል። የእርሳቸው አሳብ ኮምፒዩተሩ ሕፃኑን ከሚያዝዘው ይልቅ ሕፃኑ ኮምፒዩተሩን ቢያዝዝ ይሻላል የሚል ነበር። ሕፃኑ አንዲት «ኤሊ» ወደ ፊት ሂጂ፣ ወደ ቀኝ ዙሪ እያለ ሲያዝዝ ማዕዘንንና ርቀትን ሳያውቀው ይማራል።

በ1969 የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም፣ ማርጋሬት ማክቪከር በተባሉት መምህርት መሪነት፣ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች በፕሮፌሰሮች ምርምር ውስጥ እየገቡ የሚሠሩበትን ደንብ አቋቋመ። ተማሪው ለሥራው ወይ ደመወዝ ይቀበላል ወይም እንደ ትምህርት ይታሰብለታል። ከዚያ በፊት በ1964 የወጣው የአሜሪካ ሕግም ችግር ያለባቸው ተማሪዎች ለሚሠሩት የትርፍ ጊዜ ሥራ መንግሥት ከደመወዙ የሚበዛውን እንዲከፍል ስላደረገ፣ ተማሪ መቅጠር ለምርምር ክፍሎች ቀላል ሆነ። በዚያው ተቋም በፕሮፌሰር ሚቸል ሬዝኒክ መሪነት ተሠርቶ በ2007 ለሕዝብ የወጣው ስክራች የተባለው የሕፃናት ፕሮግራም የሎጎ የልጅ ልጅ ነው ለማለት ይቻላል። ይህ ፕሮግራም ዛሬ በአማርኛም ስለሚገኝ ታናናሽ ወንድሞችና እኅቶች ያሏችሁ አንባቢዎች ልታሳዩአቸው ትችላላችሁ።

እንግዲህ «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» የሚለው የአባቶች አነጋገር በዚህ ሥራ ላይ ሁልጊዜ አይሠራም ማለት ነው። ይሁን እንጂ አነጋገሩ ጨርሶ ከንቱ እንዳልሆነ ከዚህ ቀጥሎ እናሳያለን።

ሥራው ምንድን ነው?

በሕፃናት ትምህርት ምርምር ውስጥ የተማሪ ፕሮግራም ጸሐፊ ሥራ በአራት ይከፈላል። አንደኛ፣ መጠይቁን ወይም ፈተናውን በታብሌት ላይ ማሰናዳት ነው። ሁለተኛ፣ ከየቦታው የመጣውን መረጃ በአንድ መዝገብ ማከማቸት ነው። ሦስተኛ፣ የተሳሳተውንና የተደገመውን ማጣራት ነው። አራተኛ፣ ውጤቱን አስልቶ ሰንጠረዥና ሥዕል ማውጣት ነው። ከእነዚህ ውስጥ ሰው ሁሉ የሚወደው የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ነው፤ ምክንያቱም ለዓይን ይታያሉ። ሥራው የሚጠናውና የሚበላሸው ግን በሦስተኛው፣ ማለት በማጣራቱ ላይ ነው።

ነገሩን በምሳሌ እንመልከተው። የሕፃናትን የንባብ ችሎታ ለመለካት በብዙ አገሮች የሚሠራበት ፈተና፣ ሕፃኑ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ስንት ቃላት በትክክል እንዳነበበ ይቆጥራል። 60 ቃላት ያሉት አንድ ታሪክ ለሁለት ሕፃናት ተሰጠ እንበል። የመጀመሪያይቱ ልጅ ታሪኩን በ45 ሴኮንድ ጨረሰችው፤ ከ60ው ቃላት 54ቱን በትክክል አነበበች። ሁለተኛው ልጅ ደቂቃው እስኪሞላ ድረስ አንብቦ እርሱም 54 ቃላት አቀና። ፕሮግራሙን የጻፈው ተማሪ የተረፈውን ጊዜ ካላሰበው ሁለቱም 54 ተብለው ይመዘገባሉ። እውነቱ ግን 54ን በ60 አባዝቶ ለ45 ሲያካፍሉት የልጅቱ ውጤት በደቂቃ 72 ቃላት ነው። በአንዲት መስመር ጉድለት ምክንያት ጎበዟ ልጅ ከመካከለኛው ልጅ ጋር እኩል ሆነች ማለት ነው።

ከዚህ የባሰ ሌላ ስሕተት አለ። እርሱም ዜሮንና ባዶን አንድ ማድረግ ነው። በአንድ ክፍል 30 ሕፃናት አሉ እንበል። 20ው ተፈትነው በአማካይ 30 ቃላት አነበቡ፤ 10ሩ በፈተናው ቀን ታመው ወይም ከብት ጥበቃ ሄደው አልመጡም። ፕሮግራሙ ያልመጡትን ዜሮ ብሎ ከቆጠራቸው የክፍሉ አማካይ ከ30 ወደ 20 ይወርዳል፤ መምህሩም ሰነፍ ይባላል። አሁን ደግሞ ነገሩን ገልብጠን እንየው። 10ሩ ሕፃናት በቦታው ተገኝተው አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አቃታቸው እንበል። የእነዚህ ውጤት በእውነት ዜሮ ነው። ፕሮግራሙ «መልስ የለም» ብሎ ከሒሳቡ ቢያወጣቸው፣ አማካዩ 20 መሆን ሲገባው 30 ሆኖ ይወጣል፤ ወረዳውም ደኅና ነው ይባላል። ያው 20ና ያው 30 ቁጥር በአንድ በኩል ንጹሑን መምህር ይከስሳል፤ በሌላ በኩል እርዳታ የሚያስፈልጋቸውን አሥር ሕፃናት ከመንግሥት ዓይን ይሰውራል።

በብዙ መጠይቆች ዘንድ ያልታወቀ መልስ በ99 ቁጥር ይጻፋል። የዘጠኝ ሕፃናት ዕድሜ 8 ዓመት ሆኖ፣ የአሥረኛው ዕድሜ ስላልታወቀ 99 ተብሎ ቢጻፍና ኮምፒዩተሩ ይህን እንደ ዕድሜ ቢደምረው፣ የሁለተኛ ክፍል ሕፃናት አማካይ ዕድሜ 17 ዓመት ከአንድ አሥረኛ ይሆናል። ይህ በግልጽ ስለሚያስቅ ቶሎ ይያዛል። ከአንድ ሺህ ሕፃናት መካከል አምስት ቢሆኑ ግን አማካዩ ከግማሽ ዓመት በታች ብቻ ስለሚያድግ ማንም ሳይስቅበት ያልፋል። በዚህ ሥራ አደገኛው ስሕተት የሚያስቀው ሳይሆን ሳያስቅ የሚያልፈው ነው።

የአገራችን ነገር

ከዚህ በላይ የተናገርነው ለሁሉም አገር የሚሆን ነው። በአገራችን ግን ሌላ ቦታ የማይገኙ ነገሮች ስላሉ ኢትዮጵያዊ ተማሪ ሊጨነቅባቸው ይገባል።

መጀመሪያ የዘመን አቆጣጠራችን ነው። መስከረም 5 ቀን 2008 ዓ.ም. በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተወለደ ሕፃን፣ እንደ አውሮፓውያን ሴፕቴምበር 16 ቀን 2015 የተወለደ ነው። እናቱ የነገሩትን ቀን ጠያቂው እንዳለ ቢጽፈውና በውጭ አገር የተሠራው ፕሮግራም 2008ን እንደ አውሮፓ ዓመት ቢወስደው፣ በሴፕቴምበር 2023 መጨረሻ የተፈተነው የ8 ዓመት ሕፃን የ15 ዓመት ጎረምሳ ሆኖ ይመዘገባል። ከዚያም «በኢትዮጵያ የ15 ዓመት ልጅ ሁለተኛ ክፍል ነው» የሚል ሐተታ ቢጻፍበት ማንን እንወቅሳለን? ጳጉሜንም ችግር ናት። አሥራ ሁለት ወር ብቻ በሚያውቅ ቅጽ ላይ ጳጉሜን 3 ቀን የተወለደ ሕፃን የልደት ቀን አይኖረውም። ጠያቂውም ሥራውን ለመጨረስ ሲል የመጣለትን ቀን ይሞላለታል።

ሁለተኛው የፊደላችን ነገር ነው። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የኮምፒዩተር ፊደል ሠንጠረዥ ውስጥ የገባው በ1999 ስለሆነ ዛሬ በአማርኛ መጻፍ አያስቸግርም። ሆኖም አንዱ ጸሐፊ «ኃይሉ» ያለውን ሌላው «ሀይሉ»፣ ሦስተኛው «ሐይሉ» ይለዋል። «ፀሐይ»፣ «ጸሐይ»ና «ፀሃይ» ለጆሮ አንድ ናቸው፤ ለኮምፒዩተር ግን ሦስት የተለያዩ ልጆች ናቸው። ዓምና የተፈተነችው ፀሐይ ዘንድሮ ጸሐይ ተብላ ከተጻፈች፣ ፕሮግራሙ አንዲቱ ትምህርት አቋረጠች፣ ሌላይቱ አዲስ ገባች ብሎ ይቆጥራል። ስለዚህ ፕሮግራም ጸሐፊው ስሞችን ከማስተያየቱ በፊት ድምፃቸው አንድ የሆኑትን ፊደላት ወደ አንድ መልክ ማምጣት አለበት። በላቲን ፊደል የተጻፈ እንደሆነማ የአጻጻፉ መልክ ይብሱን ይበዛል። የአባት ስም የቤተሰብ ስም አለመሆኑንም የውጭ አገር ፕሮግራሞች አያውቁም። አባትና ልጅ የተለያየ «የቤተሰብ ስም» ስላላቸው ዘመድ አይደሉም ብለው ይለያዩአቸዋል።

እነዚህን ነገሮች በውጭ አገር ያለ ሊቅ ከመጽሐፍ ሊያገኛቸው ይችል ይሆናል። በጉራማይሌ አጻጻፍ ስሙ ሲበላሽበት ያደገ ተማሪ ግን ሳይነገረው ያውቃቸዋል። ኢትዮጵያዊ ተማሪ በእንዲህ ያለ ምርምር ውስጥ ሲገባ ከሌላው የሚበልጥበት ሙያ ይህ ነውና ሊያፍርበት ሳይሆን ቀድሞ ሊናገረው ይገባል።

በኢትዮጵያ ሕፃናት ላይ የተደረጉ ምርምሮች

ነገሩ የሩቅ አገር ወሬ እንዳይመስል ሦስት ምሳሌዎችን እንጠቅሳለን።

በ2010 በሁለተኛና በሦስተኛ ክፍል ተማሪዎች ላይ በስድስት የአገራችን ቋንቋዎች የንባብ ፈተና ተደርጎ ነበር። ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ውስጥ ከመቶው 34ቱ ለክፍላቸው ከተሰናዳው ታሪክ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አለመቻላቸው ታወቀ። ይህ ውጤት ብዙ ሰዎችን አስደነገጠ፤ የንባብ መጻሕፍትና የመምህራን ሥልጠና እንዲሻሻልም ምክንያት ሆነ። አንባቢ ልብ እንዲል የምንፈልገው ቁጥሩ በዜሮና በባዶ መካከል ባለው ልዩነት ላይ የቆመ መሆኑን ነው። ዜሮ ያገኙትን «መልስ የለም» ብሎ የሚያወጣ ፕሮግራም ተጽፎ ቢሆን ኖሮ፣ የእነዚያ ሕፃናት ችግር በመዝገብ አይታይም ነበር።

ሁለተኛው በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ መሪነት በኢትዮጵያ፣ በሕንድ፣ በፔሩና በቬትናም የሚካሄደው ያንግ ላይቭስ የተባለው ጥናት ነው። በአራቱ አገሮች 12,000 ያህል ሕፃናትን ይዞ የተነሣ ሲሆን፣ በአገራችን በ2002 በ20 ቦታዎች 3,000 ያህል ሕፃናትን መዝግቧል። ከእነዚህ 2,000ው ገና አንድ ዓመት አካባቢ የሆኑ ሕፃናት፣ 1,000ው ደግሞ 8 ዓመት አካባቢ የሆኑ ልጆች ነበሩ። ያን ጊዜ በእናታቸው ጀርባ የነበሩት ዛሬ ለአካለ መጠን ደርሰዋል። እንዲህ ያለው ጥናት ያንኑ ሕፃን በየጥቂት ዓመቱ እየፈለገ ስለሚጠይቅ፣ የ2002ቱን መዝገብ ከኋለኛው ጋር በትክክል ማያያዝ የሥራው ሁሉ መሠረት ነው። በዚህ ላይ የተፈጸመ ስሕተት የአንዱን ልጅ ሕይወት ለሌላው ይሰጣል።

ሦስተኛው በ2012 የተሰማው ነው። የአሜሪካ ተመራማሪዎች በወንጪና በወለንጪቲ አካባቢ በሚገኙ ሁለት መንደሮች፣ በእያንዳንዳቸው 20 ለሚሆኑ ሕፃናት በፀሐይ ኃይል የሚሞሉ ታብሌቶችን ሰጡ። ሕፃናቱ ያለ አስተማሪ በራሳቸው እንግሊዝኛ ማንበብ ይማሩ እንደሆነ ለማየት ነበር። በመንደሮቹ የኢንተርኔት መስመር ስላልነበረ አንድ ሠራተኛ በየሳምንቱ እየሄደ የታብሌቶቹን ሚሞሪ ካርድ ይለውጥ ነበር። በካርዱ ላይ ሕፃኑ የትኛውን ፕሮግራም መቼ እንደከፈተ ተመዝግቦ ይገኛል። ከጥቂት ወራት በኋላ ሕፃናቱ የእንግሊዝኛ ፊደላትን መዝሙር ሲያሰሙ ተገኙ፤ አንድ ልጅም በሥዕል መሣያው ላይ «አንበሳ» የሚለውን ቃል በእንግሊዝኛ ጻፈ። ካሜራው ተዘግቶ ቢሰጣቸው ራሳቸው መልሰው እንደከፈቱትም ተነግሯል። ይህ የሕፃናቱን ብልኅነት ያሳያል፤ ያስደስታልም። ነገር ግን ፊደልን መዘመርና አንድ ቃል መጻፍ መጽሐፍ አንብቦ ከመረዳት ገና ሩቅ ነው። ሕፃናቱም 40 ያህል ብቻ ነበሩ። ታብሌት ያለ መምህር ያስተምራል ብሎ ከዚህ ብቻ ተነሥቶ መፍረድ ችኮላ ይሆናል። በካርዱ ላይ ያለው መዝገብ የሚናገረው ሕፃኑ ምን እንደነካ እንጂ ምን እንደገባው አይደለም። ይህን ልዩነት በመጀመሪያ የሚያየው ደግሞ መዝገቡን ለማጣራት የተቀመጠው ፕሮግራም ጸሐፊ ነው።

ተማሪ ሊናገር ይችላልን?

ከዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሣል። ተማሪው ስሕተት ቢያይ ለፕሮፌሰሩ ሊናገር ይደፍራልን? በእኛ ዘንድ ታናሽ ታላቁን ማረም እንደ ድፍረት ስለሚቆጠር፣ ብዙ ተማሪ የተጠራጠረውን በሆዱ ይዞ ዝም ይላል።

በ2010 ካርመን ራይንሃርትና ኬኔት ሮጎፍ የተባሉ ታዋቂ የኢኮኖሚ ሊቃውንት ስለ መንግሥታት ዕዳና ዕድገት አንድ ጽሑፍ አወጡ። ጽሑፉ በብዙ አገሮች ወጪ ለመቀነስ እንደ ማስረጃ ተጠቀሰ። በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ የሚማረው ቶማስ ሄርንደን ለክፍል ሥራው ያንኑ ሒሳብ ደግሞ ለመሥራት ቢሞክር አልመጣልህ አለው። የሒሳቡን ሠንጠረዥ ከባለቤቶቹ ጠይቆ ሲመረምር፣ ከ20 አገሮች መካከል አምስቱ በስሕተት ከአማካዩ ድምር ውጭ መቅረታቸውን አገኘ። በ2013 ከሁለት ፕሮፌሰሮቹ ጋር ይህን አሳተመ። ሊቃውንቱም ዋናውን አሳባቸውን ባይተዉም የሠንጠረዡን ስሕተት አመኑ። ነገሩ ስለ ሕፃናት ባይሆንም ትምህርቱ ለሁሉም ነው። ተማሪው ሊቃውንቱን አልሰደበም። ሒሳቡን ደግሞ ሠራ፤ አልገጥምልህ ሲለው ጠየቀ፤ ያገኘውንም በማስረጃ አቀረበ።

እንግዲህ አክብሮትና ዝምታ አንድ አይደሉም። «ፕሮፌሰር፣ ይህ ቁጥር ለእኔ በሌላ መንገድ ይወጣልኛል፤ ቢያዩልኝ» ብሎ መናገር ጨዋነት ነው። «ሳይቃጠል በቅጠል» እንዲሉ፣ ነገሩ ከመታተሙ በፊት የተነገረ ስሕተት በአንድ ሰዓት ይታረማል። ከታተመ በኋላ ግን ሕፃናቱ፣ መምህራኑና ወረዳው ሁሉ ሲጎዱበት ይኖራሉ።

የሕፃናቱ ምስጢር

ፕሮግራም ጸሐፊው ብዙ ሰው የማያየውን ያያል። ሕፃኑ ወላጅ የሌለው መሆኑን፣ በቤት የሚበላው ማነሡን፣ በትምህርት ቤት መመታቱን በመጠይቁ ላይ ያነብባል። ይህን መረጃ ወላጆች የሰጡት ለጥናቱ ብቻ ነው። ስለዚህ ከመጀመሪያው ቀን ስሙ ከመልሱ ተለይቶ በልዩ ቁጥር መተካት፣ ስምና ቁጥሩን የሚያገናኘውም መዝገብ ለብቻው ተቆልፎ መቀመጥ አለበት።

ስምን ማጥፋት ብቻ ግን አይበቃም። በአንዲት ትንሽ ቀበሌ ውስጥ ዓይነ ስውር የሆነች የ9 ዓመት ልጅ አንዲት ብቻ ከሆነች፣ የቀበሌው ስም፣ ዕድሜዋና ጉዳቷ ከተጻፈ ስሟ ባይጻፍም ጎረቤት ሁሉ ያውቃታል። እንዲህ ያለውን መረጃ በግል ስልክ ላይ ይዞ መዞር፣ ለጓደኛ ማሳየት፣ ወይም ለፕሮግራም ማረሚያ እርዳታ ሲባል ወደ ውጭ መላክ አደራን መብላት ነው። ፕሮግራሙን ለመሞከር የፈለገ ተማሪ ራሱ በፈጠራቸው የሐሰት ሕፃናት ይሞክረው፤ እውነተኞቹን አይንካ።

ለተማሪዎችና ለወጣት ሹማምንት

ይህን ሥራ ለሚፈልግ ተማሪ የምንመክረው አጭር ነው። በመጀመሪያ ትምህርቱን አያስቀድም ብሎ የሚመክረው አይኑር። በአሜሪካ በተማሪነት ቪዛ ያለ የውጭ አገር ተማሪ በትምህርት ወራት በግቢው ውስጥ በሳምንት ከ20 ሰዓት በላይ እንዳይሠራ ሕጉ ይከለክላል። ሕግ ባይኖርም ልኩ መልካም ልክ ነው። ለጥቂት ብር ብሎ ፈተናውን የወደቀ ተማሪ «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» እንደተባለችው ሴት ይሆናል። ሁለተኛ፣ ኮምፒዩተሩ ከማስላቱ በፊት አሥር ሕፃናትን ወስዶ ውጤታቸውን በእጁ ያስላ፤ ሁለቱ ካልተስማሙ ወደ ፊት አይሂድ። ሦስተኛ፣ የሠራውን ሁሉ ለምን እንዲህ እንዳደረገ በግልጽ ቋንቋ ይጻፍ፤ ተማሪ ተመርቆ ይሄዳል፣ ፕሮግራሙ ግን ለሚቀጥለው ይቀራልና። አራተኛ፣ ቢቻለው አንድ ቀን ከጠያቂዎቹ ጋር ወደ ትምህርት ቤቱ ይሂድ። ሕፃኑ በፍርሃት ዝም ሲልና ጠያቂው ምን ብሎ እንደሚጽፍ ሲጨነቅ ያየ ሰው፣ ዜሮንና ባዶን ዳግመኛ አያምታታም።

በመንግሥት ሥራ ላይ ያላችሁ ወጣቶችም የጥናት ጽሑፍ በጠረጴዛችሁ ላይ ሲቀመጥ አራት ጥያቄዎችን ብታቀርቡ መልካም ነው። ያልመጡት ሕፃናት እንዴት ተቆጠሩ? ዕድሜ በየትኛው አቆጣጠር ተሰላ? ሒሳቡን ከሠራው ሰው ሌላ የደገመው አለን? የሕፃናቱ ስም የት ተቀምጧል? እነዚህን ለመጠየቅ የሒሳብ ሊቅ መሆን አያስፈልግም። መልሱ ወዲያው የሚገኝ ከሆነ ጥናቱ የተጠነቀቁበት መሆኑ ይታወቃል። መልሱ የሚጠፋ ከሆነ ግን ፊርማው ጥቂት ቀን ቢዘገይ ይሻላል። ይህን የምንለው ተማሪ ፕሮግራም ጸሐፊዎችን ለመጠርጠር ሳይሆን ሥራቸው የሚገባውን ክብር እንዲያገኝ ነው፤ ሥራውን የሚጠይቅለት ያጣ ሠራተኛ ሥራው የሚታይ አይመስለውምና።

ዩኒቨርሲቲዎቻችንም ይህን ሥራ ለተማሪዎቻቸው ቢከፍቱ ጥቅሙ ብዙ ነው። ተማሪው የኪስ ገንዘብና ልምድ ያገኛል፤ መምህሩ ረዳት ያገኛል፤ ስለ ኢትዮጵያ ሕፃናት የሚወጣውም ቁጥር ጳጉሜንንና ኃይሉን በሚያውቅ እጅ ይሠራል። ከዚያ በኋላ ከመቶ ይህን ያህሉ ተብሎ ሲነበብ፣ ከመቶው አንዱ ሆና የተቆጠረችው ሕፃን በእርግጥ እርሷው ራሷ፣ በትክክለኛ ዕድሜዋና በትክክለኛ ውጤቷ የተቆጠረች ትሆናለች።